መንገዱ ክፍት ነው ወይ?

በ2016 ዓ.ም፣ ከጥምቀት ማግስት፣ ሌሊት ስልክ ተደወለ። መቼም ሌሊት የሚደወል ስልክ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም። ደብረ ማርቆስ የምትኖረው ትልቋ አክስታችን አርፋለች። እናታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ሳይነጋ ቤቱ በሰው ሞላ። ለቀብር መድረስ ነበረብን። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደጉ ጊዜ በማለዳ የተነሳ መንገደኛ ምሳውን እዚያ ይበላል። ያን ሌሊት ግን ከለቅሶው እኩል ቤቱን የሞላው አንድ ጥያቄ ነበር፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ?

አራት ቃል ናት። ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ለዚህች ባለ አራት ቃል ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ስላደርንበት ሌሊት ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ጋውን ለብሰን፣ አበባ ታቅፈን ፎቶ ተነስተን የወጣን እኛ፣ «እስቲ ተማርን ካላችሁ አጣሩልን» ተባልን። (እዚህ ጽሑፍ ላይ «እኛ» ስንል አንዳንዴ ቤተሰቡን፣ አንዳንዴ አብረን የተመረቅነውን፣ አንዳንዴም አንዲት ጸሐፊን ብቻ ነው። መለየቱን ለእናንተ ትተናል።)

ጊዜው እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ አማራ ክልል ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቷል፤ ስልክ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ይላል። ዘመድ ደውሎ መርዶውን ነገረንና መስመሩ ተቆረጠ። መልሰን ብንደውል ብንደውል የለም። እንግዲህ የቀረን ዜና ነው።

መጀመሪያ የመንግሥቱን ቴሌቪዥን የምሽት ዜና በስልካችን ደግመን ከፈትን። በክልሉ «አንጻራዊ ሰላም» መስፈኑ ተገልጿል። ጎበዝ፣ ከምን አንጻር? ከትናንት? ከሱዳን? ከገሃነም? አንጻራዊ ሰላም ላይ አውቶቡስ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ዜናው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ የሥራ ኃላፊዎችን አሳየን፣ ውሃ የያዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን አሳየን፣ አንድ ኃላፊ ሲያሳስቡ አሳየን። መንገድ አላሳየንም።

ቀጥሎ ዩቲዩብ። እዚህ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። «ሰበር!» ይላል በቀይ። ቀስት አለ፣ እሳት አለ፣ አፉን የከፈተ ሰው ፎቶ አለ። ርዕሱ ደብረ ማርቆስ ሙሉ በሙሉ መያዟን ያውጃል። አርባ ደቂቃ አዳመጥነው። አቅራቢው ከፌስቡክ የለጠፉትን እያነበበ «ምንጮቻችን» ይላቸዋል። ከጀርባው የሚታየው «የደብረ ማርቆስ ምስል» ላይ ዘንባባና ሐይቅ አለ። ደብረ ማርቆስ ሐይቅ የላትም! ያ ባሕር ዳር ነው። ይህን ለቤቱ ስንናገር የሚሰማን አልነበረም። አንደኛው ጎረቤት «ፎቶው ቢሳሳት ወሬው ይሳሳታል እንዴ?» አለ።

ከዚያ ቨርጂኒያ ያለው አጎታችን ደወለ። አጎታችን ደግ ሰው ነው፣ ለቀብሩ ማስፈጸሚያም የላከው እሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሆኖ ከዚህ ካለነው በላይ ያውቃል። «እንዳትነሱ! ከተማዋ ተይዛለች፣ ጎሃ ጽዮን ላይ መኪና አያሳልፉም፣ አሁን ነው ያየሁት» አለ። የት ነው ያየኸው ስንለው ያንኑ ባለ ዘንባባውን ቪዲዮ ላከልን።

አልሄድንም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተገኘ። አክስታችን ተቀብራለች። ስልኩን የያዘው የአክስታችን ልጅ ቅር ብሎታል፤ «መንገዱ እኮ ክፍት ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጡ አሉ» አለ። እናታችን ምንም አልተናገረችም። ታላቅ እህቷ ናት፤ ያሳደገቻት ናት፤ አፈር ስትለብስ አላየችም። እስከ ዛሬ ዩቲዩብ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ ድምፁ ሲሰማ ተነስታ ወደ ጓዳ ትሄዳለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አውቶቡስ ተራ ሄድን። ከዜና ይልቅ ከዚያ መጀመር እንደነበረብን የገባን እዚያ ስንደርስ ነው። ወንድማችን አንድ በእድሜ የገፉ ሾፌር አግኝቶ «ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አላቸው። እንዲህ መለሱ፦ «ትናንት ማታ ከደጀን ነው የገባሁት። እስከ ደጀን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሰላም ነው። ከደጀን ወዲያ አላየሁም። አንድ ባልደረባዬ ትናንት ጠዋት አልፏል፤ ዛሬን ግን አላውቅም። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ እንጠይቃለን፣ ካልሆነ እዚያው እናድራለን።»

ይህንን መልስ እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ስለ ዜና ምንጭ የተማርነው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ራሱ ያየውን ከሰው ከሰማው ለየ። የሰማበትን ቀን ተናገረ። «አላውቅም» አለ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ደግሞ ከተሳሳተ መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው እሱ ራሱ ነው። አቅራቢው ከተሳሳተ ምን ይሆናል? ምንም። ቪዲዮው ታይቷል፣ ማስታወቂያው ገብቷል። ዩቲዩብ ለአንድ ቻናል የማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ የ4,000 ሰዓት ዕይታ ሲኖረው ነው። እውነት መናገር ከመስፈርቱ ውስጥ የለበትም። ሰዓት ነው የሚቆጠረው። አንዲት ወሬ ለምን አርባ ደቂቃ እንደምትፈጅ አሁን ገባችሁ?

ግን ዩቲዩበሮችን ብቻ ረግመን ብንሄድ እናጭበረብራለን። ያ ሰውዬ ገበያ ያገኘው ሌላው ዝም ስላለ ነው። ያን ሌሊት አንድ የመንግሥት ጣቢያ፣ አንድ ብቻ፣ «የዓባይ በረሃ መንገድ ዛሬ ክፍት ነው» ወይም «ዝግ ነው» ብሎ ቢናገር ኖሮ ባለ ዘንባባውን ማን ያየው ነበር? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ ሐሳቦችን እንዲያስተናግድ ሆኖ መመራት እንዳለበት ይናገራል። እኛ ሐሳቡ እንኳ ቀርቶብን መንገዱን በነገሩን ብለናል።

የሐሰት ወሬን የሚቀጣ ሕግ አለ፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። ጥሩ። ሕጉ ግን ውሸቱን ይቅጣ እንጂ እውነቱን አያመጣም። የተራበን ሰው የተበላሸ ምግብ በላህ ብሎ እንደመቅጣት ነው፤ ምግቡስ?

ወደ ሙያችን እንመለስ። ስለ አማርኛ ዜና አንድ ነገር ከተመረቅን በኋላ ነው ያስተዋልነው፤ ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረንም። «ተገለጸ፣ ተባለ፣ ተጠቆመ፣ ተመለከተ፣ ለማወቅ ተችሏል።» አማርኛችን «ተ» የምትባል ድንቅ ነገር አላት። ግሱ ላይ ትጨመርና ሰውዬው ይሰወራል። መንገዱ «ተዘጋ»፤ ማን ዘጋው? ሰዎች «ተገደሉ»፤ ማን ገደላቸው? መረጃው «ተገለጸ»፤ ማን ገለጸው፣ ለማን፣ መቼ? አንድ ጊዜ ስንቦዝን የአንድ ቀን የአንድ ጣቢያ ዜናዎችን ወስደን «ተ»ዋን እያወጣን አድራጊውን ለማስገባት ሞከርን። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ የምናስገባው ሰው አጣን። ዜናው ራሱ ማን እንዳደረገው አያውቅም፣ ወይም ያውቃል አይናገርም።

ሌላው ስም ነው። ያው አንድ ሰው በአንዱ ጣቢያ «ጽንፈኛ»፣ በሌላው «ፋኖ»፣ በሦስተኛው «ታጣቂ» ይባላል። ያው አንድ ሠራዊት እዚህ «መከላከያ» ነው፣ እዚያ «የአገዛዙ ጦር» ነው። ዜናው ገና ሳይጀመር በመጀመሪያው ቃል የት እንደተቀመጠ ነግሯችኋል። በእርግጥ ይህ ወገንተኝነት መጥፎ ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው። እኛን የሚያስፈራን ወገን የለኝም የሚለው ነው። መምህሮቻችን «ሚዛናዊነት» ሲሉ ሁለት ሰው ማነጋገር ማለት መስሎን ነበር። አንዱ ዝናብ ነው ሲል ሌላው ፀሐይ ነው ቢል ሁለቱንም ጽፎ መሄድ ሚዛን አይደለም። መስኮቱን ከፍቶ ማየት ነበር ሥራው።

መስኮቱን ለመክፈት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። አብረውን ከተመረቁት ውስጥ በሙያው ላይ ያሉት በጣት ይቆጠራሉ። ያሉትም ደመወዛቸው የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ስለዚህ ውሎ አበል አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ዐውደ ጥናት ያዘጋጃል፣ ጋዜጠኛ ይጠራል፣ ያጓጉዛል፣ ያበላል፣ አበል ይከፍላል፤ ማታ ዐውደ ጥናቱ ዜና ሆኖ ይቀርባል። ከእኛም መሐል ፈርሞ የተቀበለ አለ። አዎ፣ አለ። የመጀመሪያውን ቀን ፖስታው እጅ ላይ ከብዶ ነበር፣ በሦስተኛው ወር የትራንስፖርት ሆነ። አበል የሚከፍል ዐውደ ጥናት ሁልጊዜ ዘጋቢ አያጣም። ዓባይ በረሃ ግን አበል አይከፍልም።

አሁን የራሳችንን ጉድ እንናገር።

በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ፣ ተማሪዎች እያለን፣ የመኝታ ክፍላችን ውስጥ የመቀሌ ልጅ ነበረች። ትግራይ ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ባንክም ተቋርጦባት ነበር። ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፈዋል። ማታ ማታ ስልኳን ይዛ የማይነሳ ቁጥር ትደውላለች፣ ጠዋት ክፍል ትገባለች። ስለ ጦርነቱ አንነጋገርም ነበር። እሷም አታነሳም፣ እኛም አናነሳም፤ ሻይ እንጠጣለን፣ ጸጉር እንሠራራለን።

አንድ ማታ አንድ ፎቶ ፌስቡክ ላይ መጣልን። የተቃጠሉ ቤቶች፣ የቀረ ግድግዳ፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። «በጦርነቱ የወደመ ከተማ» ይላል፤ የት እንደሆነ አይናገርም። አዘንን፣ ተናደድን፣ ከራሳችንም ሁለት መስመር ጨምረን አጋራነው። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን እኮ! ፎቶን መልሶ የማፈላለጊያ መንገድ ተምረናል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለፈተና ነበር የተማርነው።

ጠዋት አንድ ሰው ከሥሩ ዋናውን ፎቶ አስቀመጠ። የሌላ አገር ነው፤ ያውም የቆየ። አጠፋነው። ለማጥፋት አንድ ሰከንድ በቃ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «ያን ፎቶ ከየት ነው ያገኛችሁት?» አለችን። እንደተሳሳትን፣ እንዳጠፋነው ነገርናት። «ሌሊቱን ሙሉ እያጎላሁ የእኛን ቤት ስፈልግበት ነው ያደርኩት» አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። በታኅሣሥ 2015 የመቀሌ ስልክ ሲመለስ እናቷ በሕይወት መኖራቸውን ከሌላ ሰው ሰማን። ለእኛ አልነገረችንም፤ ለምን ትነግረናለች?

እንግዲህ ስለ ታማኝ ምንጭ የምናወራው እንዲህ ያለ ታሪክ ያለን ሰዎች ነን። ያ ፎቶ የመጣልን ከጠላት አይደለም፤ ከምናምነው ወዳጅ ነው። ደግሞ ያመንነው ማስረጃ ስላለው ሳይሆን ቀድሞ ልባችን ውስጥ የነበረውን ስለነገረን ነው። የሚያስደስት ወሬ አጣሪ የለውም፤ የሚያናድድም እንደዚያው።

የቀድሞዎቹ ከእኛ ይሻሉ ነበር ወይ? አባቶቻችን አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያነቡ እንደነበር ይነግሩናል። የ1985 ዓ.ም የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ ጋዜጣው እንደ አሸን ፈላ። ከ1997 ዓ.ም ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ አዘጋጆቻቸው ታሰሩ። አዲስ ነገር በ2002 ዓ.ም አዘጋጆቹ ተሰድደው ቆመ። ሲያወሩ ያ ዘመን ወርቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ዘመን ሰዎች ጋር ስንጨዋወት ያኔም «ምንጮቻችን» የሚባሉ መናፍስት እንደነበሩ ያምናሉ።

የ2004ን ክረምት ግን እኛም በልጅነታችን ደርሰንበታል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከዓይን ጠፉ። መንግሥት ታመዋል ግን እያገገሙ ነው፣ ይመለሳሉ አለ። ውጭ ያለው ኢሳት በሐምሌ ወር ሞተዋል ብሎ አወጀ፤ ምንጬ ኢንተርናሽናል ክራይሲስ ግሩፕ ነው አለ፤ ድርጅቱ ደግሞ ጉዳዩን አላውቅም አለ። ስለ ሕመማቸው የዘገበችው ፍትሕ ጋዜጣ እትሟ እንዳይሰራጭ ታገደ። ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት ቴሌቪዥኑ ትናንት ሌሊት አርፈዋል አለን። በዚያ ክረምት አንድ አገር ሙሉ ስለ መሪው ጤና የሚያውቀው የታክሲ ውስጥ ሹክሹክታ ነበር። አንዱ ይደብቃል፣ ሌላው ይገምታል፤ ደባቂው ለገማቹ ገበያ ይከፍትለታል። ከዓባይ በረሃው ሌሊት በምን ይለያል?

አባቶቻችን ለዚህ ሁሉ መድኃኒታቸው ሬዲዮ ነበር። ዶይቼ ቬለ በአማርኛ የጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 እ.ኤ.አ.። ማታ ሁሉም ቤት ያቺ መግቢያ ሙዚቃ ትሰማለች። ቢቢሲ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በ2017 እ.ኤ.አ. ተጨመረ። «የፈረንጅ ነው» ብለን እናምነዋለን፣ ሲያስከፋን ደግሞ «የፈረንጅ ነው» ብለን እንጥለዋለን። ግን ሰው ቤት ያለውን እንጀራ በየቀኑ ከጎረቤት እየተበደረ እስከ መቼ ይበላል? በመጋቢት 2017 ዓ.ም ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ውሳኔ ተፈረመና የአሜሪካ ድምፅ ድንገት ዝም አለ። አያታችን ሬዲዮኑን ሦስት ቀን ባትሪ ቀየሩለት። በጥቅምት 2018 ዓ.ም ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የዶይቼ ቬለ አማርኛን ሥራ ለጊዜው አገደ። ሌላ ሰው በከፈተልን መስኮት ስናይ ኖረን፣ ሲዘጋ ጨለመብን።

ታዲያ አሁን ምን እናነባለን? ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀን የአንድ ጣቢያ ስም እንድንሰጠው ነው የሚጠብቀው። የለንም። ያለን ልማድ ነው፣ ያውም ያልተሟላ።

ለምሳሌ የመንግሥት ዜና መዋሸቱን ትተን የሚያምነውን መስማት ጀምረናል። «መንገዱ ለትራፊክ ክፍት ሆነ» ሲል ተዘግቶ እንደነበር እየነገረን ነው፤ ትናንት አልነገረንም እንጂ። «የተቋረጠው ትምህርት ተጀመረ» ካለ ተቋርጦ ነበር። በወዲያኛው ወገን ደግሞ «ስልታዊ ማፈግፈግ አድርገናል» ከተባለ ከተማዋን ለቀዋል ማለት ነው። ሰው በራሱ ላይ የሚመሰክረው ነገር ከሚፎክረው ይልቅ ይታመናል። ይህ ንባብ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌሊት ለመርዶ ለሚነሳ ሰው አይሆንም።

ስህተቱን የሚያርም ምንጭ ስናገኝ ምልክት እናደርጋለን። «ትናንት እንዲህ ብለን ነበር፣ ተሳስተናል» የሚል። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ብዙዎቹ ዝም ብለው ያጠፉታል፤ እኛ ፎቶውን እንዳጠፋነው። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክን የመሳሰሉት የሚሠሩት የማጣራት ሥራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውሸቱ አገር ዞሮ ከተመለሰ በኋላ ነው የሚደርሱት፣ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው ቲክቫህ ኢትዮጵያን የሚመስሉ፣ አንዲት ፊደል ብቻ የተለወጠባቸው ቻናሎች ስላሉ ስሙን ሳይሆን የተከታዩን ቁጥር አይተን ነው የምንገባው። ይህም ቢሆን የሰዎቹን ማንነት እንጂ የወሬውን እውነትነት አይነግረንም።

አንዳንዴ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። በሰኔ 2016 ዓ.ም መጨረሻ በዚያው እኛ ባለፍንበት መንገድ፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። የክልሉ መንግሥት አብዛኞቹ ነጻ ወጥተዋል አለ። ቤተሰቦች ልጆቻችን አልተለቀቁም፣ ገንዘብ እየተጠየቅን ነው አሉ። እኛ ማንን አመንን? ቤተሰቦቹን። ለምን ብትሉን ያ ሾፌር ነው ያስተማረን፤ አንዲት እናት ልጇ ቤት መግባቷንና አለመግባቷን በዓይኗ ታውቃለች። መግለጫ የሚሰጠው ሰው ግን ስንቱን በዓይኑ ቆጥሯል? ጥያቄውን የጠየቀው ጋዜጠኛ ጥቂት ነበር። ከጠየቁትም ውስጥ ጥቂቶቹ ሴቶች፣ ከእኛ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ናቸው፤ ስልክ እየደወሉ፣ ስም ደብቀው፣ ቤተሰቡ «እንዳትጽፉት» ሲል እየተውትና ሌላ ቤተሰብ እየፈለጉ። ሙያው አልሞተም የምንለው እነሱን አይተን ነው፤ ደመወዛቸውን ስናስብ ግን እንሰጋለን። ለሙዚቃና ለቀልድ ዳታ የምንገዛ ሰዎች ለዜና አንድ ብር አንከፍልም፤ ከዚያ ዜናው የከፈለውን ሰው ሲያገለግል እንቆጣለን።

ያን ጠዋት ተሳፈርን። ሾፌሩ እንዳሉት ጎሃ ጽዮን ላይ ቆምን። ወርደው ከላይ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አነጋገሩ፣ ደወሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተመልሰው «እስከ ማርቆስ እንሄዳለን፤ ሆኖም ከአሥር ሰዓት በፊት መግባት አለብን» አሉ። ዓባይን ተሻገርን። መንገዱ ላይ ወታደር አየን፣ የቆመ ከባድ መኪና አየን፣ ጤፍ የሚወቁ ሰዎች አየን። ይህ ሁሉ አንድም ዜና ላይ አልነበረም።

ለቅሶ ቤት ስንደርስ እናታችን መቃብሩ ጋ ልሂድ አለችና ወሰዷት። እኛ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ንፍሮ መጣ። ከአጠገባችን አንድ ሽማግሌ ትንሽ ሬዲዮ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ከአዲስ አበባ መምጣታችንን ሲሰሙ ወደ እኛ ዞሩ።

«እናንተ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ኢንተርኔቱም አላችሁ» አሉ። «ስለ እኛ ምን ይላሉ? ተይዛለች ነው ወይስ ሰላም ነው የሚሉት?»

«ሁለቱንም ይላሉ፣ አባባ» አልናቸው።

ሳቁ። ሳቃቸው ከጎን ያሉትንም አሳቀ። ከዚያ የራሳቸውን ሰፈር በእጃቸው እያመለከቱ፣ ባለፈው ሳምንት ተኩስ የነበረው በዚህ በኩል መሆኑን፣ የትኛው ሱቅ እንደተዘጋ፣ ማን ልጁን ወደ ገጠር እንደላከ ይነግሩን ጀመር። ቦርሳችን ውስጥ ደብተር ነበረን። አወጣነውና መጻፍ ጀመርን። «ስሜን ግን እንዳትጽፉት» አሉን።